44352፦ ለጣና ጀልባ ነጂዎች ስለ ሞተር መለዋወጫ የተደረገ ንግግር

ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ባለንብረቶችና ነጂዎች በቃል የተነገረ ነው። ለንባብ እንዲመች ተናጋሪው ራሱ ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክሎታል።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር አለ። የማሳያችሁ ዕቃ ትንሽ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም።

ይቺን ታውቋታላችሁ። መሃሏ ቀዳዳ የሆነ፣ ስድስት ጣት ያላት ጥቁር ጎማ ናት። ከቡና ሲኒ አፍ አትበልጥም። በመጽሐፉ ኢምፔለር ትባላለች፤ እኛ የፓምፕ ጎማ እንላታለን። ከማርሽ ቤቱ በላይ ተቀምጣ የጣናን ውሃ ወደ ላይ ትገፋለች፣ ውሃው ሲሊንደሩን አቀዝቅዞ ይወርዳል፣ ጥቂቱ ደግሞ ከኋላ በቀጭኗ ቀዳዳ ይፈሳል። «ሞተሩ እየሸና ነው» የምንለው ያንን ነው። የሞተር ሽንት ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ያወቅሁት ግን ከፍዬበት ነው። ያኔ ጥገናውን በትርፍ ሰዓት እየሠራሁ የራሴን ጀልባ እነዳ ነበር፤ 15 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ልትደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት «ለበዓሉ ሞተሩን ላሰናዳ» ብዬ ይቺኑ ጎማ ቀየርኩ። የገዛሁበትን ሱቅ አልናገርም፣ የነበረበትንም ከተማ አልናገርም። ዋጋዋ የሌሎቹ ሲሶ ነበር። ሳጥኗ ያማረ፣ የታወቀ ስም በትልቁ የተጻፈበት ነው። ከሥሩ «ለ15 ፈረስ» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። እኔም ሳጥኑን አይቼ፣ የባለሱቁን አፍ ሰምቼ ከፈልኩ።

በበዓሉ ዕለት ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ምእመናን አድርሼ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ነፋሱ ተነሥቷል። የጣና የከሰዓት ነፋስ መቼም ለማንም አዲስ አይደለም። ዞር ብዬ ሳይ ሞተሩ አይሸናም። አጠፋሁት፣ አነሣሁት፣ የውሃ መግቢያውን በጣቴ ጠረግሁት፤ ሳር የለበትም። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሕፃን የያዙ እናቶች አሉ፣ ማዕበሉ ጎን ጎኑን ይመታናል፣ ከተማው ደግሞ ከፊታችን ይታያል። «ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አልኩ። የኔ ሞተር የሚጮህ ማስጠንቀቂያም አልነበረውም። አሥር ደቂቃ ያህል ሄድን፤ ከዚያ ጭርር ብሎ ቆመ። ገመዱን ብስብ አልንቀሳቀስም አለ። ሌላ ጀልባ ጎትቶ አስገባን።

ስፈታው ከስድስቱ ጣቶች ሦስቱ የሉም። ኋላ ሁለቱን የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሥር ተወሽቀው አገኘኋቸው። ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ ባለ 0.50 ፒስተን ገባለት፤ የፒስተን ፋሻ፣ ጋስኬት፣ የቶርኖ ቤት ሒሳብ፣ ሥራ የፈታሁባቸው ሳምንታት ተጨመሩበት። በጎማዋ ላይ ያተረፍኳትን ብር ዛሬም ሳስባት ያስቀኛል። ጥፋቱን ሁሉ ለሱቁ አልሰጥም፤ ሽንቱ እንደተቋረጠ ሞተሩን አጥፍቼ እርዳታ ብጠራ ኖሮ የምከፍለው የሌላ ጎማ ዋጋ ብቻ ነበር። ግን ከሁሉ በፊት የተሳሳትኩት ሱቁ በር ላይ ነው። ቁጥር ሳልይዝ ነው የሄድኩት።

አሁን «ርካሽ ዕቃ አትግዙ» ልላችሁ የመጣሁ የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሄዷል። የኛ ዕቃ ደግሞ ከጎማዋ እስከ ፕሮፔለሩ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። «ኦሪጅናል ብቻ ግዛ» የሚለው ምክር ከኪሱ የማይከፍል ሰው ምክር ነው። ባለጀልባ በርካሽ መግዛት አለበት። ጥያቄው የቱን ዕቃ ከየት በርካሽ መግዛት ይቻላል፣ የቱስ አይቻልም ነው።

የሚጀመረው ከቁጥሩ ነው። እዚህ ሐይቅ ላይ ያማሃ ስለሚበዛ በያማሃ ላስረዳ። ሞተሩ ጀልባው ላይ በሚታሰርበት ክንፍ፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፋለች፤ የሞተሩ ዓይነት ያለው እዚያ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ቀለም ቀብታችሁባታል። ዛሬ ማታ በቤንዚን ጨርቅ ጥረጉና በስልክ ፎቶ አንሱት። ያንን ዓይነት ይዛችሁ የአምራቹን የዕቃ ካታሎግ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኛላችሁ፤ ሞተሩ በሥዕል ተበትኖ እያንዳንዱ ቡሎን ቁጥር ተሰጥቶት ይታያል። እንግሊዝኛ የማይችልም ሥዕሉን ያነባል።

ይቺ በእጄ ያለችው ቁጥሯ 63ቪ-44352-01 ነው። ሦስት ቦታ ክፈሉት። መሃል ያለው 44352 «የፓምፕ ጎማ» ማለት ነው፤ የትኛውም የያማሃ ሞተር ይሁን፣ ትንሹም ትልቁም፣ የፓምፕ ጎማ 44352 ነው። 12411 ካያችሁ ቴርሞስታት ነው። ከፊት ያለው 63ቪ ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞተር ይነግራችኋል፣ እሱም ባለ ሁለት ስትሮኩ 15 ነው። የመጨረሻው 01 ዕቃው ስንት ጊዜ እንደተሻሻለ ነው፤ 00 የነበረው ተሻሽሎ 01 ሲሆን አዲሱ አሮጌውን ይተካል እንጂ «ይህ የኔ አይደለም» ብላችሁ አትመልሱት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከፊት ባሉት ሦስቱ ላይ ነው። «የኔ ሞተር 63ቪ አይደለም፣ ስለዚህ አይሆነኝም» ይላል። ፋብሪካ ግን ለእያንዳንዱ ሞተር አዲስ ጎማ አይሠራም። ይቺው 63ቪ በባለ አራት ስትሮኩ 15 ላይም ትገባለች፤ ካታሎጉን ስትከፍቱ ራሷን እዚያ ታገኟታላችሁ። ይህ ለምን ይጠቅማል? ዘመዳችሁ ባለበት አገር የናንተ ሞተር ባይሸጥም ጎማዋ ልትሸጥ ትችላለች ማለት ነው። እዚህ ነጥብ ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ሳጥኑ ይለያያል። ቶሃትሱና ሜርኩሪን ውሰዱ። የሜርኩሪ ትንንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በቶሃትሱ ነው፤ ኒሳን ማሪን እየተባለ ይሸጥ የነበረውም ቶሃትሱ ነበር። አንድ ዕቃ፣ ሦስት ሳጥን፣ ሦስት ዋጋ። ጆንሰንና ኤቪንሩድም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ኤቪንሩድ ካነሣሁ አይቀር፦ ፋብሪካው በግንቦት 2012 ሞተር መሥራቱን አቁሟል። አንድ ወዳጅ «አሜሪካ ያለው ወንድሜ በነጻ ሊልክልኝ ነው» ሲለኝ እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም። ነጻ ሞተር ዕቃው ከጠፋ የጓሮ ጌጥ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሞተሩ አምራች ያልሆኑ፣ ግን መለዋወጫ ብቻ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ሲየራ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ለምሳሌ የራሱን ቁጥር 18 ብሎ ይጀምርና «ይህ የያማሃውን እንዲህ ያለ ቁጥር ይተካል» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ቁጥር ለቁጥር የሚያመሳክር ሰው ቢያንስ የሚጠየቅበት ነገር አለው። ስሙን በሰሌዳው ላይ ያወጣ ፋብሪካ የሠራው ተተኪ ዕቃ ሌላ ነው፤ በሰው ስም የታሸገ ፎርጂድ ሌላ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሁለተኛው ነው። ሁለቱን «ኮፒ» ብለን በአንድ ቃል እየጠራን የመጀመሪያውን እንሸሻለን፣ ሁለተኛውን ሳጥኑ ስላማረ እንገዛለን።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ብዙ ገንዘብ የሚያድንላችሁ ነው፤ ልብ በሉ። ጀልባ ሞተር ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ብዙዎቹ የጀልባ ዕቃ አይደሉም።

ይህን ኩሽኔታ እዩት። ጠርዙ ላይ ምን ይላል? ልጄ፣ አንተ ዓይንህ ደህና ነው፣ አንብብልን። 6205። ይህ ቁጥር የያማሃ አይደለም፣ የዓለም ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በአምስት አባዙ፤ 05 በ5፣ 25። የመሃሉ ቀዳዳ 25 ሚሊ ነው። ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15፤ ጃፓን ይሠራ ስዊድን፣ 6205 ሁልጊዜ ይኸው ነው። የወፍጮ ሞተር ውስጥም፣ የውሃ ፓምፕ ውስጥም ይገኛል። በሞተሩ አምራች ሳጥን ሲመጣ በእጥፍ ከምትገዙት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወይም እዚሁ ከተማ ኩሽኔታ የሚሸጥበት ቤት ቁጥሩን ንገሯቸውና ከታወቀ የኩሽኔታ ፋብሪካ የወጣውን ግዙ።

ሲልም፣ ዘይትና ውሃ እንዳያልፍ ዘንጉን የሚከበው ጎማ፣ እንደዚያው ነው። በያማሃ ቁጥሩ 93101 ብሎ የሚጀምር ሲል ሁሉ ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት አኃዞች የዘንጉን ውፍረት ነው የሚነግሩት፤ 93101-20 ካለ ዘንጉ 20 ሚሊ ነው። ሲሉ ራሱ ላይም ሦስት ልኮች ታትመዋል፤ የውስጥ፣ የውጭ፣ ውፍረት። ልኩ ከገጠመ ይገባል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የፕሮፔለር ዘንግ ሲል ውሃ የሚገጥመው ነው፤ ከንፈሩ ድርብ፣ ሞላው የማይዝግ መሆን አለበት። ለመኪና ማርሽ የተሠራ ባለ አንድ ከንፈር እዚያ ብትከቱ ዘይቱ እንዳይወጣ ይይዛል፣ ውሃውን ግን ወደ ውስጥ ያስገባል።

ካንዴላም የጀልባ ዕቃ አይደለም። ኤንጂኬ ቢ8ኤችኤስ-10 የሚለውን ስታዩ፣ ቢ የጥርሱ ውፍረት 14 ሚሊ ነው፣ 8 የሙቀት ደረጃው ነው፣ ኤች የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊ ነው፣ 10 ክፍተቱ 1 ሚሊ ነው። የሙቀት ደረጃው በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በሌላ ፋብሪካ ተቃራኒ ሊሆን ስለሚችል በግምት አትለውጡ። የሞተር ብስክሌት ዕቃ ቤት ያንኑ ቁጥር ካለው ያው ራሱ ነው። ፎርጂዱ ግን በካንዴላ ላይ ሞልቷል። አንድ ወንድም ቅድም በር ላይ «በምን እለየዋለሁ?» ብሎኛል። ጥርሱ ላይ ያለችውን ቀለበት በጣትህ ለማውጣት ሞክር። የእውነተኛው ቀለበት በቀላሉ አይወጣም፤ የፎርጂዱ እንደ ሴት ጣት ቀለበት ወልቆ ይመጣል። ከዚያ አፉን ከፊት ተመልከተው፤ የላይኛው ጥፍር ከመሃለኛው ጫፍ ጋር ትክክል ካልተቀመጠ መልሰህ ስጠው።

ትልልቆቹን ጀልባዎች የምትነዱ፣ ሆዳቸው ውስጥ ናፍጣ ሞተር ያለባቸው፣ ለእናንተ ደግሞ ቀላል ነው። ፐርኪንስ 4.236 ካላችሁ ያው ሞተር ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ ተገጥሞ አገር አርሷል። ፊልትሮ፣ ጋስኬት፣ ፒስተን ከትራክተር ዕቃ ቤት ጠይቁ፤ «የጀልባ» የሚለውን ቃል አፋችሁ ላይ አታምጡ፣ ዋጋው ይጨምራል። ከሐይቅ ውሃ የሚስበው ፓምፕ፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው የጭስ ማውጫና የመሳሰሉት ግን የጀልባ ናቸው።

የት ላይ አትቆጥቡ ልበል? የፓምፕ ጎማዋን ነገርኳችሁ። ስትገዙ ጣቶቿን እጠፏቸው፤ ሥራቸው ላይ ጭረት ካለ፣ ወይም ስትለቋቸው ታጥፈው ከቀሩ፣ ጎማዋ መደርደሪያ ላይ አርጅታለች፤ ኦሪጅናልም ብትሆን አትሆንም። የኛን ሐይቅ ደግሞ አስቡ። ክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ደለል ይዘው ሲገቡ ጣና ሻይ በወተት ይመስላል። ያ ደለል ጎማዋን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠችበትን ብረትና ከሥሯ ያለውን ሳህን ይቦጭራል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጎማዋን ብቻ ብትቀይሩ ሦስተኛው ላይ ሙሉ ኪቱን ግዙ፤ ሳህኑ ከተቦጨረ አዲስ ጎማም ውሃ አይስብም። ስትገጥሙ ሳሙና ቀቡና ዘንጉን ወደ ቀኝ እያዞራችሁ አስገቡ፣ ጣቶቿ ወደሚተኙበት እንዲተኙ።

ሌላው ዘይቱ ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ የጀልባ ሞተር የሚፈልገው ቲሲ-ደብልዩ 3 የሚል የተጻፈበትን ነው። የባጃጁ ቱ-ቲ ዘይት ረከስ ይላል፣ አውቃለሁ፣ ሲገባበትም ሞተሩ ይነሣል። ግን የባጃጁ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ይግላል፤ ዘይቱም ለዚያ ሙቀት የተሠራ ስለሆነ ሲቃጠል አመድ ይተዋል። የኛ ሞተር በሐይቅ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ አመዱ አይጠረግም፣ ፋሻዎቹ ሥር ተጋግሮ ይቀራል። ከዓመት በኋላ «ሞተሩ ጉልበት አጣ» ትላላችሁ። ልኩ 50 ለ1 ነው፤ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር። አዲስ ሞተር ሲለማመድ 25 ለ1። «ትንሽ ልጨምርለት፣ ይጠቅመዋል» የምትሉ አላችሁ፤ ካንዴላ ስትገዙ የምትኖሩት ለዚያ ነው።

የማርሽ ዘይት ላይ ግን ልቀቅ ልበላችሁ። የሞተሩ መጽሐፍ ኤስ ኤ ኢ 90 የማርሽ ዘይት ካለ የማደያው ዘይትም ያንኑ ደረጃ ካሟላ ይሆናል። በየጊዜው መቀየሩ ነው ዋናው። ትንንሾቹ ሞተሮች ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞሉም። ሁለቱን የመድፈኛ ጋስኬቶች ግን በየቅያሪው በአዲስ ተኩ። ሳንቲም ናቸው።

አሁን ዕቃ መግዛት ሳይኖርባችሁ የምትገዙትን ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ስለማይነገር ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተሮቻችን የተስተካከሉት ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ለዚህኛው ባሕር ዳር ሳይሆን ለእውነተኛው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ሞተር ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ሒሳቡን ስትሠሩ የ40 ፈረስ ሞተራችሁ እዚህ 33 ቢሆን ነው። ያ ከእግዜር ነው፣ አይለወጥም። የሚለወጠው ግን ይህ ነው፦ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ያው ስለሆነ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ይረጥባል፣ ይሞታል። እናንተ ሄዳችሁ ሌላ ካንዴላ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ሌላ፣ በመጨረሻም «የዘንድሮ ካንዴላ ፎርጂድ ነው» ትላላችሁ። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ፣ ጄት የምንላት፣ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ትበል። ትንሽ የነሐስ ቡሎን ናት። እሷን አንድ ጊዜ ገዝታችሁ ስንት ካንዴላ እንደምታድኑ ራሳችሁ ቁጠሩ። ፕሮፔለሩም እንዲሁ። እላዩ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ነው፣ በኢንች፤ ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ዙሩ ካልወጣ በሚቀጥለው ስትገዙ ፒቹን ዝቅ አድርጉ። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል የመገጣጠሚያው ዓይነት ናትና እሷ አትለወጥ። አሉሚኒየም ፕሮፔለር ያገለገለም ቢሆን፣ የተበየደም ቢሆን እኔ እገዛለሁ፤ ጎማና ኤሌክትሪክ ብቻ ነው ያገለገለ የማልገዛው።

ኤሌክትሪክ ካልን ሲዲአይ፣ ለካንዴላው እሳት የሚልከው ሳጥን። «ሲዲአዩ ሞቷል» ተብሎ ስንት ሰው ተበድሮ ገዝቷል! ብዙ ጊዜ የሞተው የማጥፊያው ስዊች ነው፤ ሽቦው ብረት ነክቶ ሞተሩን ሁልጊዜ «ጥፋ» ይለዋል። ያንን ሽቦ ነቅላችሁ ገመዱን ሳቡ። እሳት ከመጣ ሲዲአዩ ደህና ነው። ካልመጣ ተመሳሳይ ሞተር ካለው ጎረቤት ለአምስት ደቂቃ ተዋሱና ሞክሩ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገዛ አይመለስም። ሳይመረምሩ ለመግዛት መሮጥ ነው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው።

እምቦጭን ማንሣት አልፈልግም ነበር፣ ሁላችሁም ስለሰለቻችሁ። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ሐይቁ ላይ ሲሰፋ አብሮ የሰፋ አንድ ወጪ ግን አለ። ሥሩ የውሃ መግቢያውን ሲደፍን ጎማዋ ደርቃ ትሽከረከራለች፣ በሰከንዶች ነው የምትቃጠለው። እምቦጭ ካለፋችሁ በኋላ ሞተሩን ገለልተኛ አድርጋችሁ አጥፉ፣ አንሡ፣ ጥረጉ። ከእምቦጩም የባሰ ግን የዓሣ መረብ ክር ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደው ወንድማችን የጣለው የላስቲክ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ አይታይም። እየዞረ ሲሉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ሲል በየወሩ የምትቀይሩ፣ ሲሉን አትራገሙት፤ ፕሮፔለሩን በየሁለት ሳምንቱ ፈትታችሁ ተመልከቱ።

ከውጭ ስለሚመጣው ልናገር ብዬ ነበር። ዘመድ የሌለው የለም፤ አንዱ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ዱባይ። ለወንድማችሁ «የያማሃ ኢንዱሮ ዕቃ ላክልኝ» ብላችሁ አሜሪካ ብትጽፉ ተንከራቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ኢንዱሮ እዚያ የሚሸጥ ሞተር አይደለም፤ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለመሰሎቹ ገበያ የተሠራ ነው። ካርቡሬተር ያለው ባለ ሁለት ስትሮክም እዚያ በአዲስነት መሸጡ ካቆመ ቆይቷል። የባሕረ ሰላጤው ዓሣ አጥማጅ ግን እንደኛው በያማሃ ስለሚሠራ ዱባይ ያለችው እህታችሁ ከወንድማችሁ ትሻላለች። አሜሪካ ያለውን ደግሞ ቅድም እንዳልኩት በባለ አራት ስትሮኩም ላይ የሚገባውን ዕቃ ጠይቁት፤ ስም ሳይሆን ቁጥር ጽፋችሁ። ሻንጣ ውስጥ የሚመጣ ነገር ቀላልና ትንሽ ይሁን፤ የፓምፕ ጎማ፣ የቤንዚን ፓምፕ ዲያፍራም፣ ጄት፣ ሲዲአይ። ፕሮፔለርና ማርሽ ቤት የሰው ኪሎ አታስበሉ።

አንድ ሐሳብ ላቅርብና ላብቃ። ዐሥር ጀልባ ሆነን ዕቁብ እንጣል፣ የመለዋወጫ ዕቁብ። ዕጣው ብር አይሁን፣ ዕቃ ይሁን። አሁን እያንዳንዳችን በበዓል ዋዜማ፣ ሰው ተሳፍሮ እየጠበቀ፣ አንዲት ጎማ ፍለጋ እንሮጣለን፤ ባለሱቁም ፊታችንን አይቶ ነው ዋጋ የሚናገረው። ክረምት ላይ፣ ቱሪስትም ምእመንም ሲቀንስ፣ ዐሥራችን አንድ ላይ ብናዝዝ ማጓጓዣውም ይከፋፈላል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ጎማ ስለሚያረጅ ከዓመት በላይ የሚቆይ አናከማች። ይህ የሚሠራው ግን ሞተራችን ሲመሳሰል ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሞተር ስትገዙ ጎረቤታችሁ ያለውን ግዙ። የተሻለ ሞተር ሊኖር ይችላል፤ ዕቃውን የምትዋሱት ግን ከጎረቤት ነው።

ጥያቄ ካለ እየሠራሁ እመልሳለሁ። ይህ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማርሽ ቤት ከትናንት ወዲያ የመጣልኝ ነው፤ ባለቤቱ እዚሁ መሃላችሁ ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም፣ ፊቱን ግን አያችሁት። «ሲሉን ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት፣ ዘይቱም አዲስ ነው» ብሎኛል። ዘይቱ ጥርት ብሎ ከወረደ እሱ እውነቱን ነው፤ ማኪያቶ መስሎ ከወረደ ውሃ ገብቷል፣ ክር ፍለጋ እንገባለን። መጀመሪያ የታችኛውን ቡሎን እፈታለሁ፣ ከዚያ አየር እንዲያገኝ የላይኛውን። ጋሼ፣ ያችን ነጭ ጆግ ወደዚህ ያቀብሉኝ። ትንሽ ከፍ አድርገው ይያዙልኝ፣ ሁሉም ቀለሙን ይየው።